ሽማግሌውን የላከው ማን ነው?

ጎጃም ውስጥ «ኤጀንሲ» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ «አረብ አገር እልካለሁ» የሚለው ሰው ኤጀንሲ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሠራው ድርጅትም ኤጀንሲ ነው። ካልጋሪ ወይም ዳላስ ያለ ዘመድ «በኤጀንሲ ነው የምሠራው» ሲል ደግሞ መጋዘኑ ወይም ሆስፒታሉ ሲጎድለው ሠራተኛ በሰዓት ስለሚያቀርብለት ድርጅት ነው የሚያወራው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የወጣ ልጅ በሊንክዲን መልእክት የጻፈችለት ሪክሩተርም፣ ማለትም ለቀጣሪ ሠራተኛ የምታፈላልግ መልማይ፣ እቤት ሲወራ ያው «ኤጀንሲዋ» ትባላለች። አራቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ጥንቃቄው ቦታውን ይስታል። የካልጋሪውን ድርጅት የሚፈራ ሰው የሻይ ቤቱን ሰው ያምናል።

ግራ መጋባቱ ከገበያችን የመጣ ይመስለኛል። በሬ ተራ ላይ ደላላው በገዢና በሻጭ መሐል ቆሞ እጅ እያማታ ያስማማል፤ ከተስማሙም ከሁለቱም ይቀበላል። ነውር የለበትም፣ የላቡ ነው። በዚህ ዓይን ለለመደ ሰው ሥራ ያገናኘውን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት ቅር ይለዋል። ለቅጥር የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከበሬ ተራ ይልቅ ከጋብቻ ይገኛል። ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። ሽማግሌው የልጅቱ አባት ደጅ ላይ ትሑት ነው፣ ቤቱን ያመሰግናል፣ ይመርቃል፤ መልሱን ይዞ የሚመለሰው ግን ወደ ላኪው ነው። ሪክሩተርም እንዲሁ ነው። ሥራ ፈላጊውን በስሙ ይጠራዋል፣ «ላንተ የሚሆን ቦታ አለኝ» ይለዋል፣ የላከውም የሚከፍለውም ግን ቀጣሪው ነው። ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ ደግሞ ወይ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይም ከበስተኋላው ላኪ የለም።

ይህ የእኛ አገር ሕግም ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቁ ይላል፤ ኢትዮጵያም በ1999 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላ በአዋጅ 1246/2013 የተሻሻለው፣ ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። አሠሪው የሚሸፍነው የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን፣ እንዲሁም ለተቀባዩ አገር ኤምባሲ ለቪዛና ለሰነድ ማረጋገጫ የሚከፈለውን ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው ፓስፖርቷን፣ የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የሕክምና ምርመራዋን፣ ክትባቷን፣ ሲኦሲ የምንለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የውሏንና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃዋን ማረጋገጫ ነው። ዝርዝሩ ይኸው ነው። «ኮሚሽን»፣ «የፕሮሰስ»፣ «የፋይል መክፈቻ»፣ «የቪዛ ማፋጠኛ» የሚባል መስመር በሁለቱም በኩል የለም። ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መያዝና አዲስ ክፍያ በተጠየቀ ቁጥር «ይህ ከየትኛው ነው?» ብሎ ጣት ማሳረፍ ነው። መልስ የማይገኝለት ክፍያ ራሱን ያጋልጣል።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ለምን ይከፈላል? አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ነው የሚደረሰው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ሲሆን ሌላ መንገድ ይጨመርበታል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በዚያ ክፍተት ውስጥ የመንደሩ አገናኝ ይገባል። እሱ ደግሞ እንግዳ ሰው አይደለም፤ የአክስት ልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ «አያ እገሌ» ነው። ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል ወይም በወለድ ይበደራል፣ ብሩን ይቆጥርለታል፣ ደረሰኝ ግን አይጠይቀውም። አያ እገሌን ደረሰኝ መጠየቅ እንደ መስደብ ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ከማንኛውም ክፍያ በላይ ውዱ ነገር ይሉኝታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፈቃድ ሳይኖር ለውጭ አገር ሥራ ማገናኘት የተከለከለ ነው፤ ሰዎችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012ም አለ። ዘመድነቱ ይህን አይለውጠውም።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የኤጀንሲውን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር በጽሑፍ ተቀበሉ። «በእገሌ በኩል ነው የምንልከው» የሚል መልስ ስም አይባልም። ከዚያ ወደ ዞኑ ወይም ወደ ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ድርጅቱ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው፣ ፈቃዱም ያልታገደ መሆኑን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አገሩ ነው፤ በአዋጁ መሠረት ስምሪት በመርሕ ደረጃ የሚደረገው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት አገር ነው። ሦስተኛው ስለ ቪዛው ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «መጀመሪያ በጉብኝት ቪዛ ትገባለች፣ እዚያ ይቀየርላታል» ከተባለ ጉዳዩ አብቅቷል። የዱባይ የጉብኝት ቪዛ 30 ወይም 60 ቀን ነው፤ በዚያ ቪዛ የሚሠራ ሰው የሥራ ውሉ አይታወቅለትም፣ ደመወዝ ሲከለከል የሚከስበት ወረቀት የለውም፣ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ የራሱ ቅጣት ይቆጠርበታል። ለአገናኙ ግን ይህ መንገድ ይቀለዋል፤ አሠሪ ሳይኖረውም ሰው መላክ ይችላልና።

ውሉ ላይ የአሠሪው ስም፣ ከተማው፣ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የዕረፍት ቀን፣ የውሉ ርዝመት መኖር አለባቸው፤ በምታነበው ቋንቋም መሆን አለበት። ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንስቶ እቤት ለሚቀር ሰው መስጠት ግድ ነው፤ ስልኳ ሊወሰድ ይችላልና። የሚሄዱበትን አገር ሕግ በጥቂቱ ማወቅም ይጠቅማል። ለምሳሌ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት (8ቱ የተከታተለ)፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ፓስፖርቷም በራሷ እጅ ይቆያል።

በዚያው ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሙከራ ጊዜ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅጥሩ ከፈረሰ እዚያ ያለው ኤጀንሲ ከአሠሪው የተቀበለውን ይመልሳል። እንግዲህ ልጅቱ በሦስተኛው ወር ደውላ «ምግብ ይከለክሉኛል» ስትል «ታገሺ፣ ይለመዳል» የሚላት ሰው ከየት ቆሞ እንደሚናገር ማወቅ ይቻላል። ምክሩ ሽማግሌያዊ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሒሳብ ነው። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ ያው ስልክ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ችግር ያለባት ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ፣ ቃሏን በጽሑፍ፣ ቀን እየጠቀሰች ብታቀርብ ይሻላል። በዚያ ወቅት ኤጀንሲው የሚያጣው ነገር ስላለ ይሰማል፤ ሌላ ቤት መፈለግም ለራሱ ይጠቅመዋል።

የጤና ባለሙያዎች ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር የሚመረቁ ነርሶች «እንግሊዝ ነርስ ትፈልጋለች» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን አገሮች ዝርዝር አውጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በታደሰው ዝርዝር ላይ ካሉት 55 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እንግሊዝ ይህን ዝርዝር በራሷ የቅጥር ደንብ ውስጥ አስገብታለች፤ በደንቡ መሠረት ኤጀንሲዎች ከእነዚህ አገሮች ባለሙያ ፈልገው መመልመል የለባቸውም። አንድ ነርስ ራሷ ማስታወቂያ አይታ ለሆስፒታሉ በቀጥታ ብታመለክት ግን አልተከለከለችም። ስለዚህ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ወኪል ነኝ» ብሎ በቴሌግራም የሚመጣ ሰው ከመነሻው ደንቡን የጣሰ ወይም ጭራሽ ወኪል ያልሆነ ነው። የአረጋውያን ተንከባካቢ ቪዛም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ አገር ለሚቀጠሩ አዲስ ሰዎች ተዘግቷል። ከዚያ ቀን በኋላም «የኬር ቪዛ» እያሉ የሚሸጡ ይኖራሉ፤ ገዢ እስካለ ድረስ ሻጭ አይጠፋም። የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ ሠራተኛ የማስመጣት ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ስም ዝርዝር በይፋ ያወጣል፤ የቀጣሪውን ስም እዚያ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በካናዳም አሠሪው የውጭ ሰው ለመቅጠር ለሚያወጣው ኤልኤምአይኤ ለተባለ የመንግሥት ማረጋገጫ ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህን ከሠራተኛው መልሶ መውሰድ ክልክል ነው። «ኤልኤምአይኤ በብዙ ሺህ ዶላር አለኝ» የሚል ሰው የሚሸጠው መሸጥ የማይችለውን ነው። ሻጩ የራሳችን ሰው ቢሆንም፣ አማርኛው ቢጣፍጥም ያው ነው።

አሁን ወንዙን ተሻግረን እዚያው የደረሰውን ሰው እንይ። በዲቪ፣ በትዳር ወይም በጥገኝነት አሜሪካ ገብቷል፣ የመሥራት መብት አለው፣ ሪክሩተር ይደውልለታል። እዚህ ሥጋቱ ይቀየራል። ገንዘብ የሚወስድበት አይደለም፤ የሚያስቸግረው ሪክሩተሩ የእሱ ወገን ስለመሰለው ነው።

ሪክሩተሩ እንዴት እንደሚከፈለው ብናውቅ ጠባዩ ሁሉ ይገባናል። ቋሚ ሠራተኛ የሚያስቀጥር ከሆነ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝን ከ15 እስከ 25 በመቶ ከቀጣሪው ይቀበላል። ደመወዙ 60,000 ዶላር ከሆነ በ20 በመቶ 12,000 ዶላር ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ግን አይቆረጥም። ብዙዎቹ ውሎች የዋስትና ጊዜ አላቸው፣ በአብዛኛው 90 ቀን ገደማ፤ ሠራተኛው በዚያ ውስጥ ከለቀቀ ሪክሩተሩ ይመልሳል ወይም ሌላ ሰው ይተካል። በሦስተኛው ሳምንት «ሥራው እንዴት ነው?» ብሎ የሚደውለው ለዚህ ነው፤ ለመደወሉ ምክንያት ስላለው ችግሩን ያኔ መንገር ይጠቅማል። በጊዜያዊነት የሚያሠራ ስታፊንግ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው የኤጀንሲው ተቀጣሪ ነው። ለሠራተኛው በሰዓት 22 ዶላር እየከፈለ ድርጅቱን ለምሳሌ 33 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ከልዩነቱ ላይ የቀጣሪ ግብር፣ የጉዳት መድንና ትርፉ ይወጣሉ። ስለዚህ «ከ22 በላይ አይቻልም» ሲባል የማይቻለው ከትርፉ ሳይነካ ሊሆን ይችላል፤ «24 ቢሆን ነገ መጀመር እችላለሁ» ብሎ መሞከር ምንም አያስከፍልም። የእኛ ሰው ዋጋ መከራከር ያውቃል፤ ጤፍ ሲሸምት ያላሳየው ዘዴ የለም። የራሱ ጉልበት ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ያፍራል።

ወረቀት ላይ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ደብሊው-2 ነው ወይስ 1099?» የሚለው። በደብሊው-2 ሰውየው ተቀጣሪ ነው፤ ቀጣሪው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬርን (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) ግማሽ ይከፍላል፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ነው። በ1099 ግን ሰውየው እንደ ግል ነጋዴ ይቆጠርና ሁለቱንም ግማሽ ራሱ ይከፍላል፣ 15.3 በመቶ። በሰዓት 30 ዶላር፣ በዓመት 2,080 ሰዓት የሚሠራ ሰው ገቢው 62,400 ዶላር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4,000 ዶላር ይጠጋል። የተለመደው የገቢ ግብር ገና አልተነሳም። በዚያ ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ አጥ መድን፣ የጉዳት ካሳ የሉም። «በ1099 ደመወዙ አይቆረጥም፣ ሙሉ ነው የሚገባልህ» የሚል ሪክሩተር እውነቱን ነው፤ ሚያዝያ ላይ ግብር ሲከፈል የሚመጣውን ሒሳብ ግን አልነገረውም።

ስለ መሥራት መብት ሲጠየቅ አጭር መልስ ይበቃል። ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ አሜሪካ ውስጥ በሕግ መሥራት ትችላለህ? አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰር ያስፈልግሃል? ግሪን ካርድ ላለው ሰው መልሱ «አዎ» እና «አያስፈልገኝም» ነው። እኛ ግን ታሪክ እንጀምራለን፤ ዲቪ እንዴት እንደደረሰን፣ ጉዳያችን የት እንደደረሰ። ሪክሩተሩ የሰማው «የወረቀት ችግር አለበት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ስም ያልፋል። ሥራ ሲጀመር የሚሞላው አይ-9 ቅጽ ላይም የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው፤ ግሪን ካርድ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፣ ወይም መንጃ ፈቃድና ያልተገደበ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አብረው ይበቃሉ። «የግድ ግሪን ካርድህን አምጣ» ማለት ቀጣሪው አይፈቀድለትም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርንና የባንክ ሒሳብን ደግሞ የጽሑፍ የቅጥር ደብዳቤ ሳይመጣ መስጠት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላይ ግን መዘናጋት ያስጎዳል። አንድ የሥራ ቦታ በሦስት ሪክሩተሮች እጅ ሊዞር ይችላል። ሦስቱም ሲደውሉ ለሦስቱም «እሺ» ያለ ሰው ሲቪው ለአንድ ድርጅት ሦስት ጊዜ ይደርሳል። ድርጅቱ ክፍያው ለማን እንደሆነ ላለመከራከር ስሙን ጭራሽ ይሰርዘዋል። ለዚህ ነው ሪክሩተሩ «እኔ እንድወክልህ ፈቅደሃል» የሚል ኢሜይል እንዲመለስለት የሚጠይቀው። ከመመለስ በፊት የድርጅቱን ስም፣ የሥራውን መጠሪያና የሰዓት ዋጋውን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከዚያ በደብተር ላይ መመዝገብ ነው፦ ቀን፣ ሪክሩተር፣ ድርጅት፣ ሥራ፣ ዋጋ። አምስት ዓምድ ይበቃል። የድርጅቱን ስም አልናገርም የሚል ሪክሩተር ከገጠመ ያልተናገረው ምናልባት በእጁ ስለሌለ ነው። የተላከውን ሲቪ ቅጂም ጠይቁ፤ ሳይነግሩ ያልተሠራበትን ሙያ የሚጨምሩበት አሉ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚያፍረው ግን ባለቤቱ ነው።

ወደ ወረቀቶቻችን ልመለስ፤ ከጎጃም የሄደ ሰው ጉዳይ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሪክሩተሩ ለላኪው ንጹሕ ሰው ማቅረብ አለበት። ማስረጃው የተምታታ ሰው ክፍያውን ያዘገይበታል፣ ስለዚህ ሳይጣላ ይተወዋል።

መጀመሪያ ዲግሪው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው እጅ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ዋናው የሚለቀቀው የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሲጠናቀቅ ነው፤ ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕትም እንዲሁ ከዚያ ጋር ይታሰራል። አሜሪካና ካናዳ ላይ ዲግሪውን የሚመዝኑ እንደ ዌስ ያሉ ተቋማት ደግሞ ማስረጃው ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ነው የሚፈልጉት፤ ተማሪው ስካን አድርጎ ቢልክ ዋጋ የለውም። ሰው ሁሉ ይህን የሚያውቀው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ወንድሙን ወደ ሬጅስትራር ይልካል፣ ሬጅስትራሩ ውክልና ይጠይቃል፣ ውክልናው በኤምባሲ በኩል መምጣት አለበት፤ ወራት ያልፋሉ። ከመሄድ በፊት ዕዳውን መክፈል፣ ዋናውን ማውጣት፣ ሊቆይ የሚችል ሰው ላይ ውክልና መስጠት፣ የሬጅስትራሩን ኢሜይል መያዝ ነው። ለካናዳ ስደት የሚሠራው ምዘና አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ቀድሞ ማሠራት አያከስርም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ሰውን ውሸታም የሚያስመስል ነገር። አንድ ጤና ጣቢያ ለነርስ የሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከመስከረም 2005 ጀምሮ» ይላል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። ዲግሪዋ ላይ ያለው ደግሞ ሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ለአሜሪካዊው አንባቢ ይህች ሴት ከመመረቋ ሰባት ዓመት ቀድማ ነርስ ሆናለች ማለት ነው። በእርግጥ መስከረም 2005 ማለት መስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከተመረቀች ሁለት ወር ቢሆናት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ተርጓሚ ቤቱ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ቀን ማየት ነው፤ ከማኅተሙ በኋላ ማረም ሌላ ጣጣ ነው።

ሦስተኛው ስም። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ዲግሪ ላይ የአባት ስም ብቻ ሊኖር ይችላል። «ተክለ ማርያም» አንድ ቦታ ተገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሲለያይ «ማርያም» የሰውየው የቤተሰብ ስም ሆና ታርፋለች። «ፀ»ን አንዱ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሦስት ይጽፈዋል። ያለፈ ታሪክ የሚያጣራው ድርጅት በማሽን ስለሚያመሳክር አንድ ፊደል ሲለይ ሌላ ሰው ነው ይላል። መፍትሔው የፓስፖርቱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ሲቪውንም ሊንክዲኑንም በእሱ መጻፍ፣ ዲግሪው ከተለየ ደግሞ ሪክሩተሩ ሳይጠይቅ «ዲግሪዬ ላይ ስሜ እንዲህ ተጽፏል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው።

የምስክር ሰዎች ነገርም አለ። የቀድሞው አለቃ ኢሜይል ባይጠቀም፣ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ባይነሳ አያስገርምም። ከመልቀቅ በፊት እንግሊዝኛ የሚችልና ስልኩን የሚያነሳ አንድ የሥራ ባልደረባን ማስፈቀድ ይበቃል።

ስለ አነጋገር ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ሁለት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዋሸራና ዲማ ሰምና ወርቅ ሲያስለዩ ኖረዋል። የሪክሩተር ኢሜይልም ሰምና ወርቅ አለው። «ሲቪህን ለወደፊቱ እናስቀምጠዋለን» ሰሙ ተስፋ ነው፣ ወርቁ «አልሆነም» ነው። «ደንበኛችን ገና እያየው ነው» ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አንደኛ ሆኗል ማለት ነው። «ሰኞ ከጠዋቱ መነጋገር ትችላለህ?» ግን ወርቁም ያው ነው፣ ዝግጅት ይጀመር። አንድ ሳምንት ዝም ካለ አንድ አጭር መልእክት መላክ ነውር አይደለም፤ ከሁለተኛው በኋላ ስሙን ከደብተሩ ላይ መሰረዝ ነው። ሌላው ትሕትናችን ነው። «ምን ሠራህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ተባብረን ሠራን» ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። ሪክሩተሩ ግን ለላኪው የሚወስደው «እሱ» የሠራውን ነው። «በቀን 40 ታካሚ የሚያይ ክፍል ውስጥ የመድኃኒት መዝገቡን እኔ ነበርኩ የምይዘው» ቢባል ጉራ አይደለም፤ ሽማግሌው ይዞ የሚመለሰው ቃል ነው።

ገና ጎጃም ሆኖ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ኔትወርክንም አብሮ ማሰብ አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ መብራትም የራሱ ጠባይ አለው። ቀጠሮው እንደተያዘ «ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ በዚህ ስልክ በመደበኛ ጥሪ አግኙኝ» ብሎ መጻፍ፣ ሁለተኛ ቁጥርም መጨመር ይጠቅማል። ሰዓቱን ሲጽፉ «3 ሰዓት» ብሎ መተው አይቻልም፤ የእኛ 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ነው። ሪክሩተሩ «ከጠዋቱ 9፣ በኒው ዮርክ ሰዓት» ካለ በበጋቸው ወራት ደብረ ማርቆስ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እነሱ በራሳቸው አቆጣጠር ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 11 ሰዓት ይሆናል። በመልሱ ላይ ሁለቱንም ሰዓት፣ የእነሱንና የእኛን፣ ከነቀኑ መጻፍ ነው። ያለዚያ እጩው እቤት ሸሚዝ ለብሶ ሲጠብቅ በሪክሩተሩ ካላንደር ላይ «አልቀረበም» ተብሎ ተመዝግቧል።